«ይቀመጡ» ከማለታችን በፊት፤ ስለ ደጅ ወንበርና ስለ ክረምት



አማርኛን በመማር ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ገና ከጥቂት ቃላት ጋር እንደ ተዋወቀ ከሚያስፈልጉት ንግግሮች አንዱ «ይቀመጡ» የሚለው ነው። ባለጉዳይ ወደ ጽሕፈት ቤት ሲገባ፥ እንግዳ ከደጅ ሲደርስ፥ ሽማግሌ ወደ ማኅበር ሲመጣ፥ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚሰማው ቃል ይኸው ነው። አስቀድሞ የተቀመጠው ሰው ታላቁን ሲያይ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ መጪውም «በእግዜር!» ብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያም ቦታ ይለቀቅለታል። ይህ ሁሉ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን «ይቀመጡ» የሚል ሰው፥ የሚቀመጡበት ነገር ሰውን የሚችል መሆኑን ዋስ ሆኖ መናገሩ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን አናስበውም። ወንበሩ ከእግሩ የበሰበሰ እንደ ሆነ አክብሮቱ ወደ ጉዳት ይለወጣል፤ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋው፥ ወይም የታመመው፥ ወይም ልጅ ያቀፈችው እናት ነው።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ምክንያት የሆነን፥ በጁባ ከተማ ከሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ የደረሰን ጥያቄ ነው። እኚህ ወይዘሮ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ምግብና ቡና የሚሸጡበት ግቢ አላቸው። በግቢው ውስጥ አርባ የፕላስቲክ ወንበሮች፥ ስድስት የቲክ እንጨት ጠረጴዛዎች፥ አራት የብረት አግዳሚዎችና ጥቂት በጠፍር የተወጠሩ በርጩማዎች ይገኛሉ። ቤታቸው ጠባብ ስለ ሆነ ዝናም ሲመጣ ሁሉን ወደ ውስጥ ለማስገባት አይቻላቸውም። ባለፈው ክረምት አንደኛው ወንበር በአንድ አረጋዊ እንግዳ ሥር ተሰብሮ፥ ሰውየው ወድቀው እጃቸው ወለም ብሎባቸዋል። ወይዘሮዋም «የትኛውን ላስገባ? የትኛውን ከደጅ ልተው? የተጎዱትንስ ርካሽ አድርጌ ብሸጣቸው ነውር ይሆንብኛልን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ግቢና በረንዳ ያለው ሰው ሁሉ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ መልሱን በዚህ ዓምድ ለሁሉም እንዲሆን አድርገን እናቀርባለን።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጁባ በባሪ ሕዝብ ምድር፥ በነጭ ዓባይ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፥ ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ከሆነችበት ከሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያች አገር ዋና ከተማ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ ተሰማርተው ይኖሩባታል። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቷ ብርቱ ነው፤ በጥርና በየካቲት የቀኑ ሙቀት እስከ 37 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ሰው የሚበላው፥ የሚጫወተው፥ የሚነግደውና የሚመክረው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ለእንደዚህ ያለ ከተማ የደጅ ወንበር ትርፍ ጌጥ ሳይሆን ዋና የቤት ዕቃ ነው። ከዚህም በላይ ብዙው ሸቀጥ የሚገባው ከኡጋንዳ ወገን፥ በጭነት መኪና፥ ከኒሙሌ እስከ ጁባ በሚዘረጋው የ192 ኪሎ ሜትር መንገድ ስለ ሆነ፥ የተሰበረውን በአዲስ መተካት ቀላል ወጪ አይደለም።

እዚህ ላይ አማርኛ ለሚማሩ አንባብያን አንድ ነገር እናስታውሳለን። በመዝገበ ቃላት «ክረምት» የሚለው ቃል የአውሮፓ የበረዶ ወራት ተብሎ ሲተረጎም ይታያል። በእኛ ዘንድ ግን ክረምት ማለት የዝናም ወራት ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ወንበር የክረምት አጠባበቅ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አይጠቅምም። የዚያ አገር ሰው የሚፈራው በረዶንና ውርጭን ነው፤ እኛ የምንፈራው ግን እርጥበትን፥ ምስጥንና በዝናሙ መካከል ብልጭ የሚለውን ጠንካራ ፀሐይ ነው።

የጁባና የአዲስ አበባ ክረምትም አንድ ዓይነት አይደለም። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንመው ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነው ዝናም እጅግ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ይወርዳል፤ አየሩም ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የረጠበ እንጨት ለብዙ ሳምንት ሳይደርቅ ይቆያል። በጁባ የዓመቱ ዝናም ወደ 950 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፥ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ በሰባት ወራት ተከፋፍሎ ይወርዳል፤ አንድ ሰዓት በኀይል ዘንሞ ወዲያው ብርቱ ፀሐይ ይወጣል። በዚያ እንጨቱ እየራሰ ያብጣል፥ እየደረቀ ይኮማተራል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው ዋና ጠላቱ የማይለቅ እርጥበት ሲሆን፥ የጁባ ሰው ጠላት የእርጥበትና የፀሐይ መፈራረቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብዙ ሰው ወንበርን የሚያበላሸው ከላይ የሚወርደው ዝናም ይመስለዋል፤ ስለዚህም ከላይ በላስቲክ ጠቅልሎ እግሩን ጭቃ ውስጥ ይተወዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚባል፥ ከእንጉዳይ ወገን የሆነ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይህም ፈንገስ የሚያድገው እንጨቱ በውስጡ በቂ ውኃ ሲያገኝ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 20 በታች ሆኖ የተጠበቀ እንደ ሆነ እንጨቱ አይበሰብስም። ስለዚህ ቁም ነገሩ ዝናም እንዳይነካው መከልከል ሳይሆን፥ የነካው ውኃ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ውኃስ በየት በኩል ይገባል? እንጨት ማለት ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች እንደ ስንዴ አገዳ ነዶ ተጠጋግተው የታሰሩበት ነገር ነው። ነዶውን ከጎኑ ውኃ ብናፈስበት አብዛኛው ይንሸራተታል፤ በተቆረጠው ጫፍ ውኃ ውስጥ ብናቆመው ግን ይጠጣል። ለዚህም ነው እንጨት ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ብዙ እጥፍ በፍጥነት ውኃ የሚስበው። የወንበርና የጠረጴዛ የተቆረጠ ጫፍ የት ነው? ከእግሩ በታች ነው። በእርጥብ መሬት ላይ የቆመ ወንበር ሌሊቱን ሁሉ በእግሩ ሲጠጣ ያድራል፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ይታያል፤ ከታች ግን እየሞተ ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለዚህ ነገር የሚስማማ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የእግሩ ሥራ ነው። ዝናሙ ሳይጀምር ጠረጴዛውንና ወንበሩን ገልብጦ እግሮቹን ማጽዳት፥ በፀሐይ ጥቂት ቀን ማድረቅ፥ ከዚያም የእግሮቹን ጫፍ በቀለጠ ሰም ወይም በዘይት ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ይገባል። ቀጥሎም በእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጡብ ማኖር ነው። የጠረጴዛውን አንድ ወገን በቀጭን ሽብልቅ ጥቂት ከፍ ያደረጉት እንደ ሆነ ውኃው ከላይ ሳይቋጥር ወደ ዳር ይፈስሳል። ወንበሮችም ማታ ማታ ወደ ፊት ተደፍተው በጠረጴዛው ላይ ቢደገፉ በመቀመጫቸው ላይ ውኃ አያድርም። ይህ ሁሉ ከድንጋይና ከጥቂት ሰም በቀር ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ብርሃንንና ደረቅ አየርን ስለሚሸሽ ከአፈር ተነሥቶ የጭቃ ቧንቧ እየሠራ በዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ወደ እንጨቱ ይወጣል። የእንጨቱን ውስጥ በልቶ ላዩን እንደ ወረቀት ስለሚተወው፥ ባለቤቱ የሚያውቀው ወንበሩ ሲወድቅ ነው። እግሮቹ በድንጋይ ላይ የቆሙ እንደ ሆነ ግን ምስጡ ቧንቧውን በድንጋዩ ላይ በግልጥ ሊሠራ ይገደዳልና በዐይን ይታያል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ወስኖ ድንጋዮቹን መመልከት፥ የጭቃ መስመር ቢገኝ ማፍረስ፥ ዕቃውንም ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በእንጨቱ ላይ ይቀባሉ። ይህ ዘይት ልብስ የሚያበላሽ፥ ለቆዳም ጎጂ የሆነ ነገር ስለ ሆነ ሰው በሚቀመጥበትና በሚበላበት ዕቃ ላይ ፈጽሞ ሊደርስ አይገባውም።

ከእንጨቶች መካከል ቲክ የተባለው ልዩ ጸባይ አለው። በደቡብ ሱዳን በኢኳቶሪያ ምድር፥ በተለይም በየይ አካባቢ፥ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን የተተከሉ የቲክ ደኖች ስላሉ የጁባ አናጢዎች ይህን እንጨት በሚገባ ያውቁታል። ቲክ በተፈጥሮው ቅባት ያለበት ስለ ሆነ ውኃንና ምስጥን ይቋቋማል። ይህ የሚሆነው ግን ለጠቆረው የውስጥ ክፍሉ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለው ዳር እንደ ማንኛውም እንጨት ይበሰብሳል፥ ይበላልም። ስለዚህ ጠረጴዛ ሲገዙ እግሩ ከየትኛው ክፍል እንደ ተሠራ መመልከት ብልህነት ነው። ቲክ ከደጅ ሲቆይ መልኩ እንደ ብር ግራጫ ይሆናል፤ ይህ ሽበት እንጂ በሽታ አይደለም። በሳሙና ውኃና በለስላሳ ብሩሽ፥ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ማጠብ ይበቃዋል። ቫርኒሽ መቀባት ግን አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ቫርኒሹን ሲሰነጥቀው ውኃ በስንጥቁ ይገባና ከሥሩ ታግዶ ይቀራል።

እንደ ዋንዛ ያሉትን በአገራችን ለቤት ዕቃ የተለመዱትን እንጨቶች ግን ማልበስ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው በስስ እየተቀባ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ከእነዚህም የታወቀው የተልባ ዘይት ነው። በጨርቅ በስሱ ቀብቶ፥ ትርፉን ጠርጎ፥ ጨርሶ ሲደርቅ ሁለተኛ መድገም ነው። የጁባ ሰዎች በቅርብ የሚያገኙት ሉሉ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ቅባት ለምግብና ለገላ መልካም ነው፤ ለወንበር ግን አይሆንም፤ የማይደርቅ ቅባት ስለ ሆነ አቧራ ይሰበስባል፥ ልብስም ያበላሻል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ በአንድ ቦታ የተጣለ እንደ ሆነ፥ ሲደርቅ በሚያወጣው ሙቀት ያለ ክብሪት ራሱ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ጨርቁን ዘርግቶ ከቤት ውጭ ማድረቅ፥ ወይም በውኃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ መንከር የማይታለፍ ግዴታ ነው።

ወደ ብረቱ እንለፍ። ብረት የሚዝገው ውኃና አየር ሲገናኙበት ነው። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ዝገት ይጀምርና ከደህናው ቀለም ሥር እየገባ ይሰፋል። ስለዚህ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መጠቅለል ነው። አስቀድሞ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን እስከ ብረቱ ድረስ መፋቅ፥ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፥ በዚያው ቀን ሠራተኞች «አንቲረስት» የሚሉትን ዝገት ከልካይ ቀለም መቀባት፥ ከዚያም በላዩ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም መደረብ ይገባል። ከቱቦ ብረት የተሠራ አግዳሚ ደግሞ ከውስጥ ስለሚዝግ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእግሩ ጫፍ የሚደረገው የጎማ ጫማ ወለሉን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ውኃ ያቁራል። ስለዚህ ጎማውን አውልቆ ማድረቅ፥ በቱቦው ታችኛ ጫፍ አጠገብም ውኃ የሚወጣባት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ማስበሳት ይጠቅማል። የተበየደውን መጋጠሚያ ሁሉ በጣት እየነኩ መመርመርም መረሳት የለበትም።

የፕላስቲክ ወንበርን ነገር በተለይ እንመልከት፤ አደጋው የደረሰው በእርሱ ነውና። በአንድ ጊዜ በአንድ ቅርጽ ማውጫ እየታተመ የሚወጣው ይህ ወንበር በዓለም ሁሉ የተስፋፋው፥ አንሪ ማሶኔ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1972 አንዱን ወንበር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለማውጣት ከቻለ ወዲህ ነው። ርካሽና ቀላል በመሆኑም ከሠርግ እስከ ለቅሶ የማይደርስበት ቦታ የለም። ይህን ወንበር ዝናም ምንም አያደርገውም። የሚገድለው ፀሐይ ነው። በፀሐይ ውስጥ ያለው ለዐይን የማይታየው ጨረር ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ በመጨረሻ ጎንበስ ማለት የነበረበት እግር እንደ ሸክላ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንግዲህ በክረምት የሚሰበረው ወንበር የተገደለው ባለፈው በጋ ነው ማለት ይቻላል።

ምልክቶቹ ግልጥ ናቸው። እጅን በወንበሩ ላይ ሲያሹ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ዱቄት ከወጣ፥ መልኩ ከደበዘዘ፥ የኋላ እግርና መቀመጫው በሚገናኙበት ቦታ ነጫጭ መስመር ወይም ስንጥቅ ከታየ፥ ወንበሩ አርጅቷል። ወንበሩን በደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ መደገፊያውን ወደ ታችና ወደ ኋላ በሁለት እጅ በኀይል መጫን ነው፤ እግሮቹ ወደ ጎን ቢከፈቱ ወይም የመሰንጠቅ ድምፅ ቢሰማ ከሥራ መውጣት አለበት። ፈተናው በእጅ ይሁን እንጂ በሰው አይሁን።

የተጎዳውን ወንበር ርካሽ አድርጎ መሸጥ ነውር ነውን? ለሚለው ጥያቄ መልሳችን፥ አዎን፥ ነውር ነው የሚል ነው። ርካሽ ወንበር የሚገዛው አዲሱን ለመግዛት ያልቻለው ነው፤ እንግዲህ ስንጥቁን ከእኛ ግቢ አውጥተን ወደ ድኻው ግቢ ማስገባታችን ነው። አደጋው አልጠፋም፤ የሚወድቅበት ሰው ብቻ ተለወጠ። እንደዚህ ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት እግሩን በመጋዝ ቆርጦ መጣል ይሻላል። ማቃጠል ግን አይገባም፤ ጭሱ ለጤና ክፉ ነውና።

በጠፍር የተወጠረ በርጩማና አልጋ የዕቃ ሁሉ ስስ ነው። ቆዳው ሲርስ ይላላል፥ ሲደርቅ ይከርራል፥ ከዚያም ይበጠሳል። በገመድ የተሠራውም ቢሆን በእርጥበት ይሻግታል። ስለዚህ እነዚህ፥ ትራስና ፍራሽም ጭምር፥ ማታ ማታ ወደ ቤት መግባት አለባቸው። ሸራ ወይም ላስቲክ የሚያለብሱ ሰዎችም ዕቃውን እንደ ሬሳ ጥርቅም አድርገው አይጠቅልሉት። ከሥሩ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ካልቀረለት፥ ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ከላስቲኩ ሥር ተንጠባጥቦ ዕቃውን ያበሰብሰዋል። ልብሱ እስከ ጉልበቱ እንጂ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አይድረስ።

ስለ ጤናም አንድ ቃል እንጨምር። የተደራረቡ ወንበሮች በመቀመጫቸው ላይ ውኃ ይቋጥራሉ። ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ በሙቅ አገር ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይበቃታል። ቢጫ ወባንና ደንጊ የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንደዚህ ባለ ጥቂት ውኃ ውስጥ መራባትን ትወዳለች። ስለዚህ ምስጥ በምንመለከትበት በዚያው ቀን፥ የተቋጠረውን ውኃ ሁሉ ማፍሰስ ለወንበሩም ለሰውም የሚጠቅም አንድ ሥራ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን አስቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል። በጁባ መፋቅ፥ መቀባትና ማድረቅ በየካቲትና በመጋቢት መጀመሪያ ላይ ማለቅ አለበት። በአዲስ አበባ በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናም አንዳንዴ ስለሚወርድ፥ ደረቁን ቀን እየመረጡ እስከ ግንቦት መጨረሻ መፈጸም ይሻላል። በዝናሙ ወራት የሚቀረው በሳምንት አንድ ጊዜ መመልከት ብቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ በጥላ ማናፈስ፥ የፕላስቲኩንም ወንበር ከበጋው ፀሐይ መሸሸግ ይገባል።

ይህ ነገር የየቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ያለው ዕድር ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ድስት በጋራ ገዝቶ በጋራ ያስቀምጣል። ሞት ክረምትና በጋ አይመርጥም፤ በሐምሌ ዝናም መካከል ለቅሶ ሲደርስ ሐዘንተኛው የሚቀመጥበት አግዳሚ በሰኔ ያልታየ እንደ ሆነ፥ በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ይጨመራል። እርጥብ ሳለ የታጠፈ ድንኳንም ሻግቶ ይገኛል። የዕድር ዕቃ ኀላፊዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች፥ ከመሥሪያ ቤታችሁ በር ውጭ ያለውን አግዳሚ አንድ ቀን ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት ይጠቅማል። በፍርድ ቤት ደጅ፥ በጤና ጣቢያ ደጅ፥ በቀበሌ ደጅ ከማለዳ ጀምሮ ተራውን የሚጠብቀው ሕዝብ የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። የውስጡ ወንበር ባለቤት አለው፤ የደጁ አግዳሚ ግን የሁሉም ስለ ሆነ የማንም ሳይሆን ይቀራል። አራት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ለማኖር የበጀት ፈቃድ አያስፈልግም።

ቋንቋ ለሚማሩ አንባብያን ደግሞ የወንበርን ዘር እንንገራቸው። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፥ ኖረ ማለት ነው፤ ከዚያ «መንበር» ተገኘ፤ በአማርኛም «ወንበር» ሆነ። በትግርኛ «ነበረ» እስከ ዛሬ ኖረ ለማለት ይነገራል፤ «ይቀመጡ» ለማለት ግን «ኮፍ በሉ» ይባላል። በሱዳን ዓረብኛ በገመድ የተሠራችው አጭር መቀመጫ «በንበር» ትባላለች፤ ከወንበር ጋር መመሳሰሏን ጆሮ ይመሰክራል። የስብሰባ አለቃ «ሊቀ መንበር» ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመረ ሊቅ «ወንበር ዘረጋ» ይባላል፤ በቀድሞው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ዳኞችም «ወንበሮች» ይባሉ ነበር። መደገፊያ የሌላት ትንሽ መቀመጫ «በርጩማ»፥ ብዙ ሰው በረድፍ የሚቀመጥባት ረጅሟ «አግዳሚ»፥ ከግድግዳ ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራው «መደብ» ነው።

በመጨረሻም፥ ወይዘሮ ሆይ፥ ለጥያቄዎ መልሱ በአጭሩ ይህ ነው። በጠፍር የተወጠሩትን በርጩማዎችና ትራሶቹን ወደ ቤት ያስገቡ። የቲክ ጠረጴዛዎቹን ከደጅ ይተዉአቸው፤ ነገር ግን እግራቸውን በሰም ቀብተው በድንጋይ ላይ ያቁሟቸው። የብረት አግዳሚዎቹን ዝገታቸውን አስፍቀው፥ ቀለም አስቀብተው በቦታቸው ይተዉ። የፕላስቲክ ወንበሮቹን ከዝናም ሳይሆን ከፀሐይ ይሸሽጓቸው፤ የማንጎው ጥላ ይበቃቸዋል፤ አርባውንም አንድ በአንድ በእጅዎ ይፈትኑ። ከአርባው ሠላሳው ብቻ ደህና ሆኖ ቢገኝ፥ በሠላሳ ወንበር የሚያስተናግድ ግቢ ከአርባው ይሻላል። ዐሥር እንግዳ ቆሞ ቢጠብቅ ይቀየም ይሆናል፤ አንድ አረጋዊ ግን ዳግመኛ አይወድቅም።